ፓኬጁን የበላው ማን ነው? የብሮውዘርና የቀጥታ ሪሞት ዴስክቶፕ የዳታ ፍጆታ በአንድ የቱሉ ዲምቱ መጋዘን

ጉዳዩ

የግንባታ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ዋና ቢሮው መርካቶ፣ ትልቁ መጋዘኑ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ቦታው ለከባድ መኪና ይመቻል፤ ፌሮውም ቆርቆሮውም ከተማ መሃል ሳይገባ እዚያው ይራገፋል፣ ከዚያው ይጫናል። በኢንተርኔት በኩል ግን አልታደለም። ግቢው ድረስ የገባ ፋይበር ስለሌለ የሚሠራው ሲም ካርድ በሚገባበት የ4ጂ ራውተር፣ በየወሩ በሚገዛ የዳታ ፓኬጅ ነው። መርካቶ ያለው ቢሮ ፋይበርና ቋሚ የአይፒ አድራሻ አለው፤ ሰርቨሩም ያለው እዚያ ነው።

የመጋዘኑ ሠራተኞች ቱሉ ዲምቱ ተቀምጠው መርካቶ ባለው ሰርቨር ላይ ይሠራሉ። መጀመሪያ በዊንዶውስ ውስጥ ባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራም በቀጥታ ይገቡ ነበር። ሰርቨሩን የሚንከባከበው ባለሙያ ይህ አካሄድ ለጥቃት ያጋልጣል ብሎ ዘጋውና ሁሉም በብሮውዘር እንዲገቡ አደረገ። ክሮም ይከፈታል፣ አድራሻው ይጻፋል፣ የይለፍ ቃል ይሰጣል፣ ዴስክቶፑ ታቡ ውስጥ ይመጣል። ሠራተኞቹም ወደዱት። ከዚያ ወዲህ ግን የወሩ ፓኬጅ ወሩ ሳይጋመስ መመናመን፣ ወሩ ሳያልቅም ማለቅ ጀመረ።

ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው የድርጅቱ ባለቤት ጥፋተኛው ብሮውዘሩ ነው ብለው ደምድመዋል፤ ድሮ አልነበረም፣ አሁን መጣ፣ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ባለሙያው በበኩሉ ሁለቱንም ጎን ለጎን ለክቶ ብሮውዘሩ ከቀጥታው ያነሰ እንደሚበላ አሳይቷቸዋል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ማንም አልዋሸም። እኔ የገባሁት ይህን እንድለይ ነው።

ጉዳዩን ዘርዝሬ የምጽፈው ይህ ጥያቄ ቅርንጫፍ ባለው ድርጅት ሁሉ እየተነሳ፣ መልሱም በግምት እየተሰጠ ስላየሁ ነው። ከወዲሁ የምለው አለኝ። በሁለቱ መንገዶች መካከል ልዩነት አለ፤ ነገር ግን ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ነገርና ከስክሪኑ ጋር አብሮ የሚጫነው ጓዝ ከመንገዱ ይበልጣል። በጀት የሚባክነው እሱን ሳያዩ መንገድ በመለዋወጥ ነው።

ሪሞት ዴስክቶፕ ለምን አስፈለገ

ድርጅቱ ሒሳቡን የሚሠራው በፒችትሪ ነው። ፕሮግራሙ ዛሬ ሴጅ 50 ቢባልም እኛ ዘንድ ስሙ ያው ፒችትሪ ነው። ዳታውን የሚይዘው ቢትሪቭ ከተባለው የቆየ ሞተር በተወለደው ፐርቫሲቭ በተባለ የዳታቤዝ ሞተር ሲሆን፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ በኬብል በተያያዙ ኮምፒውተሮች መካከል ደህና ይሠራል። ፎልደሩን በኢንተርኔት ሼር አድርጎ ቱሉ ዲምቱ ሆኖ መክፈት ግን አያዋጣም። አንድ የዕቃ ዝርዝር ለማሳየት ብቻ ብዙ ትንንሽ ጥያቄና መልስ ይመላለሳል፤ በ4ጂ ላይ እያንዳንዱ ምልልስ ይዘገያል። ይባስ ብሎ ሽያጭ እየተመዘገበ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

በሪሞት ዴስክቶፕ ግን ፕሮግራሙም ዳታውም መርካቶ ይቀመጣሉ። ወደ መጋዘኑ የሚሄደው የስክሪኑ ምስል ነው፤ ወደ ሰርቨሩ የሚመለሰው የኪቦርድና የማውስ እንቅስቃሴ ነው። ቱሉ ዲምቱ መብራት ቢጠፋ የተከፈተው መስኮት ሰርቨሩ ላይ እንደተከፈተ ይጠብቃል። ይህ በብሮውዘርም በቀጥታም ያው ስለሆነ ማንም አልተከራከረበትም።

ሁለቱ መንገዶች የሚሸከሙት

ቀጥታው መንገድ አርዲፒ የሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮቶኮል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 የተርሚናል ሰርቨር እትም ጋር ወጥቶ እስከ ዛሬ እየተሻሻለ መጥቷል። ፖርቱ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚገባበት በር ቁጥር፣ 3389 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከ8.0 እትሙ ወዲህ ከቲሲፒ (የጠፋው እስኪተካ ከሚጠብቀው አላላክ) በተጨማሪ በዩዲፒም (ሳይጠብቅ በሚቀጥለው) ይልካል። ሰርቨሩ ሙሉውን ስክሪን ደጋግሞ አይልክም፤ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይጨምቅና ይልካል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ካሹ ነው። አንድ ጊዜ የመጣ የምስል ቁራጭ፣ ለምሳሌ የፒችትሪ የሽያጭ መስኮት አዶዎች፣ በሠራተኛው ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ያ መስኮት እንደገና ሲከፈት ሰርቨሩ ምስሉን አይልክም፤ የተቀመጠውን ቁራጭ እዚህ ቦታ ላይ አሳይ የሚል አጭር ትእዛዝ ይልካል። ዲስክ ላይ ስለሆነ በማግሥቱም አለ።

የብሮውዘሩ መንገድ እዚህ ድርጅት ውስጥ አፓቺ ጓካሞሌ ነው፤ ማንም በነፃ ሊጭነው የሚችል፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ጌትዌይ። ጌትዌዩ አስተርጓሚ ነው። ከሰርቨሩ ጋር በአርዲፒ ይነጋገራል፤ የተቀበለውን ስክሪን ብሮውዘር ወደሚያውቃቸው የምስል ዓይነቶች፣ ወደ ፒኤንጂ፣ ጄፔግ ወይም ዌብፒ ቀይሮ በዌብሶኬት ይልካል። ዌብሶኬት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ደረጃ የወጣለት፣ በብሮውዘርና በሰርቨር መካከል ሳይዘጋ የሚቆይ መስመር ነው። ጌትዌዩ የተጫነው መርካቶ ሰርቨሩ አጠገብ ስለሆነ የአርዲፒው ክፍል በቢሮው ኬብል ውስጥ ያልቃል፤ 4ጂውን የሚነካው የተተረጎመው ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ያ ጠቃሚ ካሽ መርካቶ ጌትዌዩ ጋ ይቀራል። ሠራተኛዋ የሽያጩን መስኮት ዘግታ ስትከፍት ጌትዌዩ ከሰርቨሩ የሚቀበለው ጥቂት ነው፤ ወደ ብሮውዘሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ መስኮቱን እንደ አዲስ ምስል አድርጎ ይልከዋል። ሁለተኛ፣ የጓካሞሌ መልእክት ሁሉ በጽሑፍ ነው የሚጓዘው፤ ምስሉም ቤዝ64 በተባለው አጻጻፍ ወደ ፊደል ይለወጣል። በቤዝ64 እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ይሆናል፤ ማለትም 100 ኪሎባይት ምስል 133 ኪሎባይት ሆኖ ይወጣል። ብሮውዘሩና ጌትዌዩ መስመሩን ጨምቀው ለመላክ ከተስማሙ ከዚህ ጭማሪ አብዛኛው ይመለሳል፤ ካልተስማሙ ሲሶው በከንቱ ይከፈላል።

ባለሙያው በሩን የዘጋበት ምክንያት ትክክል ነበር። ፖርት 3389ን ለዓለም ክፍት አድርጎ መተው የሚያስከትለውን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ይፋ የሆነው ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ በደንብ አሳይቷል፤ ዊንዶውስ 7ንና ሰርቨር 2008 አር2ን ጨምሮ የቆዩ እትሞችን ያለ ይለፍ ቃል ለወራሪ የሚከፍት ነበር። ስለዚህ «ቀጥታ» ስል ከዚህ በኋላ በቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ውስጥ ያለውን አርዲፒ ማለቴ ነው። እዚህ የተጠቀምነው ዋየርጋርድን ሲሆን፣ እሱም በእያንዳንዱ ፓኬት፣ ዳታው ተከፋፍሎ በሚጓዝበት ጥቅል፣ ላይ 60 ባይት ይጨምራል። ፓኬቱ ትልቅ ሲሆን ይህ ምንም አይደለም፤ አንድ ፊደል ተጭና በሄደች ቁጥር ግን ከጭነቱ ማሸጊያው ይበልጣል። ቀጥታው መንገድም የራሱ ግብር አለበት፤ በንጽጽር ውስጥ መቆጠር አለበት።

አለካኩ

የባለሙያውን ልኬት ስጠይቅ በቅንነት አሳየኝ። ቀጥታውን የለካው ባለ 1920 በ1080 ሞኒተር ባለው ኮምፒውተር፣ ሙሉ ስክሪን፣ በ32 ቢት ቀለም፣ የዴስክቶፑ ፎቶና የመስኮቱ ጌጥ ሁሉ እንዳለ ነው። ብሮውዘሩን ደግሞ በላፕቶፑ፣ በ1366 በ768፣ በ16 ቢት ቀለም። ጓካሞሌ በራሱ ካልነገሩት በስተቀር የዴስክቶፕ ፎቶውን፣ የመስኮት ጌጡን፣ የፊደል ማለስለሻውን አጥፍቶ ነው የሚገናኘው። ሒሳቡን እንሥራው። 1920 በ1080 ማለት 2,073,600 ነጥብ ነው፤ በ32 ቢት ሳይጨመቅ 8,294,400 ባይት። 1366 በ768 ማለት 1,049,088 ነጥብ ነው፤ በ16 ቢት 2,098,176 ባይት። ገና ምንም ሳይጨመቅ አንዱ የሌላው 4 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ልኬቱ የለካው ስለ መንገዱ አልነበረም፤ የስክሪኑን ስፋትና የቀለሙን ጥልቀት ነበር።

እኛ ሁለቱን እኩል አደረግናቸው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የስክሪን መጠን፣ አንድ የቀለም ጥልቀት፣ ፎቶና ጌጥ በሁለቱም የጠፋ፣ ድምፅና ፕሪንተር በሁለቱም የተዘጋ። ሥራውም አንድ ዓይነት ነው፦ ያው የደረሰኝ ክምር፣ ያው የመዝገብ ሰው፣ ያው ሪፖርት። ከ4ጂው ራውተር ፊት ማይክሮቲክ የተባለውን ራውተር አስገብተን በፋየርዎሉ ላይ የሚያልፈውን ሳይነካ ብቻ የሚቆጥር ደንብ ጻፍን፤ አንዱ ወደ ጌትዌዩ አድራሻ የሚሄደውንና የሚመጣውን፣ ሌላው የዋየርጋርዱን።

እዚህ ላይ ለሚለካ ሁሉ የምመክረው ነገር አለ። ያለ ቪፒኤን የሚለካ ሰው ብዙውን ጊዜ የቲሲፒ 3389ን ብቻ ይቆጥራል። አርዲፒ ምስሉን በዩዲፒ እየላከ ከሆነ ያ ቆጣሪ የሚያየው ጥቂት ነው፤ ቀጥታው ተአምር የሚመስል ቁጠባ ያሳያል። ሁለቱም ይቆጠሩ። ወደ ላይ የሚሄደውም ይቆጠር፤ ማውስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚላክ ነገር አለና።

ያገኘነው

ምንም ሳይሠራ ስክሪኑ ክፍት ሆኖ ሲቀመጥ ሁለቱም ትንሽ ነው የሚበሉት። ብሮውዘሩ ግንኙነቱ አለመቋረጡን ለማረጋገጥ በየጊዜው አጭር መልእክት ስለሚያመላልስ ይበልጣል። በሰከንድ 100 ባይት ቢሆን በ8 ሰዓት የሥራ ቀን 2.88 ሜጋባይት ነው። ማንም ፓኬጅ በዚህ አያልቅም።

በምዝገባ ሥራ ቀጥታው በግልጽ ቀለለ። የመጋዘኑ ሥራ የሚደጋገም ነው፦ የሽያጩ መስኮት ይከፈታል፣ የዕቃው ዝርዝር ይወርዳል፣ ባለ 12 ፌሮ ይመረጣል፣ ይዘጋል፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ እንደገና ይከፈታል። እነዚያው አዶዎች፣ ያው ሰንጠረዥ፣ ቀኑን ሙሉ። ካሹ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ነው። ቀኑ ሲጀምር የሁለቱ ቆጣሪዎች ርቀት ጠባብ ነበር፤ መስኮቶቹ ሲደጋገሙ እየሰፋ ሄደ። ጠዋት ብቻ ለክቶ የሚያቆም ሰው ይህን አያየውም።

ረጅም ሪፖርት ወደ ታች ሲንሸራተት ቀጥታው አሁንም ያንሳል፤ ልዩነቱ ግን ጠበበ። የሚመጣው ገጽ ሁሉ አዲስ ስለሆነ ካሽ የሚረዳው ነገር የለም።

ከዚያ ብሮውዘሩ የቀለለበት ቦታ መጣ። መጋዘኑ የተፈረመባቸውን የዕቃ ማስረከቢያ ወረቀቶች ስካን አድርጎ ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ደንበኛ ሲከራከር ይከፈታሉ። ስካን የተደረገ ወረቀት ለኮምፒውተር ፎቶ ነው፦ የተጨማደደው ጥግ፣ የማኅተሙ ሰማያዊ፣ የብዕሩ ጥላ። ጓካሞሌ እንዲህ ያለውን ምስል ለይቶ ጥራቱን ትንሽ ቀንሶ በጄፔግ ወይም በዌብፒ ይልከዋል። ቀጥታው በመረጥነው የ16 ቢት ቅንብር እያንዳንዱን ነጥብ ሳያጎድል ነው የሚያደርሰው፤ ተመሳሳይ ነጥብ ተከታትሎ ሲመጣ ብቻ የሚያሳጥር መጭመቂያ ስለሆነ ለፎቶ አይሆንም። ባለሙያው ብሮውዘር ይቀንሳል ሲል ባዶ ቃል አልነበረም፤ የሚቀንስበት ሥራ አለ፣ የመጋዘኑ ዋና ሥራ ግን ያ አይደለም።

ቪዲዮ ብዙ አያነጋግርም። ጓካሞሌ እያንዳንዱን ለውጥ እንደ አንድ የቆመ ፎቶ ይልካል፤ ቪዲዮ የሚጨምቁ ዘዴዎች ካለፈው ምስል የተለወጠውን እንቅስቃሴ ብቻ በመላክ የሚያገኙትን ቁጠባ አያገኝም። በሁለቱም መንገድ ቢሆን በሪሞት ዴስክቶፕ ውስጥ ቪዲዮ መክፈት በ4ጂ ላይ አይደረግም፤ ተዘጋ።

እነዚህን ሁሉ ደምረን ስናይ ብሮውዘሩ ለዚህ መጋዘን ሥራ ከቀጥታው የበለጠ ዳታ ይበላል፤ ጋሼ ልክ ናቸው። የልዩነቱ መጠን ግን የወሩን ፓኬጅ እንዲህ ቀድሞ የሚጨርስ አልነበረም። ሌላ የሚበላ አለ ማለት ነው።

ድምፁ

ማይክሮቲኩ ስለገባ በኮምፒውተር ከፍለን ማየት ቻልን። መጀመሪያ የታየው የሚጠበቀው ነበር፤ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል የጭነት ሾፌሮችም ያውቁታል፣ ቴሌግራም በየስልኩ ቪዲዮ በራሱ ያወርዳል። የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፣ ለስልክ የተለየና የተገደበ መስመር ተሠራ፣ አለቀ።

ያልተጠበቀው የአንድ ኮምፒውተር ቆጣሪ ነው። የሽያጭ መዝጋቢዋ ኮምፒውተር ከሌሎቹ እጅግ ርቆ ይሄዳል፤ ሥራዋ ግን ከሌሎቹ አይበልጥም። ደግሞም ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይንቀሳቀስ ቆጣሪው ይሮጣል። አጠገቧ ተቀምጬ ሳይ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አለ። ሰርቨሩ ላይ ባለው ብሮውዘር መዝሙር ከፍታ መስኮቱን አሳንሳዋለች፤ ጠዋት ከፍታ እስከ ምሳ ይዘምራል። ስጠይቃት አልደበቀችም፤ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የመርካቶው ኢንተርኔት ነው ብዬ ነው። የኛን ፓኬጅ እንዳልነካ ብዬ እዚያ ከፈትኩት» አለችኝ።

አስባ ያደረገችው ነው፤ ከመዝሙሩ ምንጭ እስከ ሰርቨሩ ያለው ጉዞ በእርግጥም የመርካቶው ፋይበር ነው። ድምፁ ግን ከሰርቨሩ ወደ ጆሮዋ መምጣት አለበት፤ የሚመጣውም በ4ጂው ነው። ጓካሞሌ ድምፅን የሚልከው ሳይጨምቅ ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱ 16 ቢት፣ ግራና ቀኝ 2 ቻናል፤ ሲባዛ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። ይህ በደቂቃ 10.6 ሜጋባይት፣ በሰዓት 635 ሜጋባይት ነው። የቤዝ64ን ጭማሪ የሚመልስ መጭመቂያ ከሌለ በሰዓት ወደ 847 ሜጋባይት ይደርሳል። ያው መዝሙር በቀጥታ ስልኳ ላይ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ቢሰማ በሰዓት 57.6 ሜጋባይት ነበር። ለመቆጠብ ተብሎ የተመረጠው መንገድ ከ10 እጥፍ በላይ ያስከፍላል፤ ይህን ማንም ነግሯት አያውቅም።

የጋሼና የባለሙያው ክርክር የተፈታው እዚህ ላይ ነው። በድሮው ዘመን ሠራተኞቹ የሚገቡበት የዴስክቶፕ አዶ ውስጥ ድምፅ እንዳይመጣ ተደርጎ ነበር የተቀመጠው። ያ አዶ ሲጠፋ ያ ቅንብርም አብሮ ጠፋ፤ በጓካሞሌ ድምፅ ካልዘጉት ክፍት ነው። ጋሼ ያዩት ጭማሪ እውነት ነበር፤ የመጣውም ከብሮውዘሩ ጋር ነበር። ነገር ግን የስክሪኑ አልነበረም። ጌትዌዩ ላይ በእያንዳንዱ ግንኙነት ድምፅን የሚዘጋውን ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር የቀረው፤ አንድ ሣጥን ላይ ጠቅ ማድረግ። መዝጋቢዋ አሁን ቤት ሆና ያወረደችውን ከስልኳ ትሰማለች።

ህትመቱ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን በመጨረሻ ውሳኔውን የወሰነው እሱ ነው እላለሁ።

መጋዘኑ የዕቃ ማውጫውን የሚያትመው ካርቦን ባለው ባለ ሦስት ቅጂ ወረቀት ላይ ነው፤ አንዱ ለሾፌሩ፣ አንዱ ለበር ጠባቂው፣ አንዱ ለፋይል። ለዚህ የሚሆነው በመርፌ እየመታ የሚጽፈው ዶት ማትሪክስ ብቻ ነው። በጓካሞሌ ፕሪንት ሲደረግ ሰነዱ ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ ወደ ብሮውዘሩ ይወርዳል፤ ሠራተኛው ከፍቶ እንደገና ፕሪንት ይላል። ያ ፒዲኤፍ ወደ ዶት ማትሪክሱ ሲሄድ ጽሑፍ መሆኑ ይቀርና ሥዕል ይሆናል፤ ማሽኑ እያንዳንዱን መስመር በነጥብ ይሥለዋል፣ ከውጭ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል።

በቀጥታው ሁለት አማራጭ አለ። ዊንዶውስ ሳይነኩት ከተተወ ኢዚ ፕሪንት የሚባለውን ይጠቀማል፤ ሰነዱን ኤክስፒኤስ ወደሚባለው የማይክሮሶፍት የሰነድ ዓይነት ለውጦ ይልካል፣ ውጤቱም ከፒዲኤፉ ብዙ አይለይም። ሰርቨሩ ላይ የዚያኑ ፕሪንተር ድራይቨር ጭኖ ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው የዊንዶውስ ደንብ ማውጫ ለኢዚ ፕሪንት ቅድሚያ የሚሰጠውን ደንብ ማጥፋት ግን ይቻላል። ሰነዱም በፕሪንተሩ የራሱ ፊደል እንዲታተም ከተደረገ በመስመሩ ላይ የሚያልፈው ጽሑፉ ራሱና ጥቂት የማሽኑ ትእዛዞች ናቸው፤ አንድ ገጽ በኪሎባይት የሚቆጠር ነው። ዳታውም ቀነሰ፣ ሾፌሩም መጠበቅ ቀረለት። በቀን ብዙ ጭነት ለሚወጣበት መጋዘን ይህ ከስክሪኑ ልዩነት ይልቅ ይታያል።

ፊደሉ

አንድ ነገር ደግሞ ለቁጠባ ብለን አጥፍተን መልሰን አበራን። የፊደል ማለስለሻ ሲጠፋ የእያንዳንዱ ፊደል ጠርዝ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሚሆን ምስሉ ይበልጥ ይጨመቃል። ለእንግሊዝኛው ፒችትሪ ችግር የለውም። የደንበኞች ዝርዝር ግን በአማርኛ የተጻፈ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው፤ የመጋዘን ኃላፊዋ ከእሱ ላይ ስም እያነበቡ ነው ዕቃ የሚያስጭኑት። ትንሽ መጠን ያለው የግዕዝ ፊደል ያለ ማለስለሻ ሲታይ የ«ሰ»ና የ«ስ»፣ የ«ቱ»ና የ«ቲ» ምልክት ከአንድ ነጥብ አይበልጥም። ኃላፊዋ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሲያነቡ አይቼ ለእሳቸው ግንኙነት ማለስለሻው እንዲበራ አደረግሁ። የሚጨምረው አለ፤ ግን የደንበኛ ስም ተሳስቶ አንድ መኪና ቆርቆሮ ወደማይሄድበት ቢሄድ የሚወጣው ነዳጅ በማንኛውም ጊጋ አይመለስም። በዳታ ቁጠባ ስም ሰው የማያነበው ስክሪን መስጠት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

የተወሰነው

የመጋዘኑ መዝጋቢዎችና ኃላፊዋ በዋየርጋርድ ውስጥ በቀጥታ አርዲፒ እንዲገቡ ሆነ። ምክንያቱ ካሹ፣ ህትመቱና የ4ጂው ጠባይ ነው። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ሲጨናነቅ ፓኬት ይጠፋል፤ ዌብሶኬት የሚሄደው በቲሲፒ ብቻ ስለሆነ አንድ ፓኬት ሲጠፋ የተከተለው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ስክሪኑ ይቆምና ድንገት ዘሎ ይመጣል። አርዲፒ በዩዲፒ የሚልከው ግን ይህን በተሻለ ይችለዋል። መርካቶ ያለው ቋሚ አይፒ ስላለ ቪፒኤኑን ከ4ጂ በኩል ማስነሳት አላስቸገረም፤ ጥሪው ሁልጊዜ ከመጋዘኑ ነው የሚጀምረው። ፖርት 3389 ለውጭ እንደተዘጋ ነው።

ግንኙነቱን የሚከፍተው አዶ ላይ የስክሪኑ መጠን፣ 16 ቢት ቀለም፣ ፎቶና ጌጥ የጠፋ፣ ድምፅ የተዘጋ፣ ካሽ የበራ ሆኖ ተቀምጧል። አዶውን እንዳይለውጡት የተነገረበት ምክንያትም ለሠራተኞቹ በቃል ተብራርቷል፤ የድሮው አዶ ሲጠፋ የሆነውን አሁን ሁሉም ያውቀዋል።

ጓካሞሌው አልተነሳም። ጋሼ ከስልካቸው ሽያጭ ለማየት፣ የውጭ ኦዲተሩም በራሱ ላፕቶፕ ምንም ሳይጭን ለመግባት ይጠቀሙበታል። ከይለፍ ቃሉ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ቁጥር ተጨምሯል። ስካን የተደረጉ ማስረከቢያዎችን ብዛት ባለው መልኩ ማገላበጥ ሲያስፈልግም በዚያ ይገባሉ፤ ባለሙያው ያሳየው ቁጠባ እዚያ ላይ እውነት ነውና።

ፓኬጁ አሁን ወሩን ይደርሳል። ፋይበሩ ግቢው ድረስ ሲገባ የቀለሙ ጥልቀት ወደ 32 ቢት ከፍ ይላል፤ ያኔ ቀጥታው ፎቶን የሚጨምቅበት ዘዴ ስለሚለወጥ የስካኖቹ ንጽጽር እንደ አዲስ መለካት አለበት። ማይክሮቲኩና የሚቆጥሩት ደንቦች ለዚሁ በቦታቸው ተትተዋል።